በስሜ የተቀዳው ደም

ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ያይኔአበባን ሲያማ ስለሰማሁ ነው። እሷ የሰጠችው ክንዷን ብቻ ነው፤ ተንኮሉ ከእኔ ራስ ወጣ። ሐሜቱም ለእኔ ይሁን፣ እችለዋለሁ።

አቻምየለሽ እባላለሁ። ቤታችን ከጅጋ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ ያውም እንደ እኔ ለሚራመድ ሰው። ባሌ ደረሰ ገበሬ ነው፤ እኔም ከእሱ አላንስም፣ እሱም ይህን ያውቃል። በዚያ ዘመን ሁለት ልጅ ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬ ነበር። የመጀመሪያው በሰባተኛው ወር መጥቶ አንድ ቀን አድሮ ሄደ። ሁለተኛዋ ሰባትም አልሞላት። ሁለቱም እንደ ልጅ አላለቀሱም። ከዚያ በኋላ አራስ ልጠይቅ ገብቼ ሕፃን ሲጮህ፣ እናትየዋ ዝም ለማሰኘት ስትጣደፍ ሳይ አንጀቴ እርር ይል ነበር። ተይው ይጩህ፣ ማለት ያምረኛል። ሰው ቀናች ይላል፤ ይበል።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደገና መፀነሴን አወቅሁ። በዚህኛውስ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ ጅጋ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ሲስተር ትሕትና ፊት ክችች አልኩ። ትሕትና አዋላጅ ናት፤ ሁለተኛዋን ልጄን የተቀበለችው እሷ ነበረች። ቁጣም ፍቅርም የምታበዛ ሴት ናት፣ ለዚህ ነው የምንስማማው።

«ዘንድሮ አንድ ነገር መጥቷል» አለችኝ።

ከባሕር ዳር አጥኚዎች በወር አንድ ቀን በመኪና ይመጣሉ። ያለ ጊዜያቸው የወለዱ እናቶችን እየፈለጉ፣ እንደገና ሲያረግዙ ደም ይቀዱና በበረዶ ሳጥን ይዘው ይሄዳሉ። ልጁ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ፣ ምጡ ገና ወራት ሲቀሩት፣ የእናትየዋ ደም ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች አሉ ይባላል። እነሱን ነው የሚፈልጉት።

«ምልክቱን ካገኙትስ ያቆሙታል?» አልኳት።

«አያቆሙትም። ግን ሳታስቢው አይመጣብሽም። ቀድመሽ ሆስፒታል አጠገብ ትሆኛለሽ። ምጡ ሲጀምርሽ የልጁን ሳንባ የሚያበረታ መርፌ ትወጊያለሽ። ያንቺ የመጀመሪያው ልጅ ያን መርፌ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ተወችው።

እኔም አልጨረስኩላትም።

«ደግሞ እርግጥ ነው ብለሽ እንዳትይዢው» አለች፣ «ጥናት ነው። አውድማ ላይ እህል አስጥተሽ ደመና ብታይ ምን ታደርጊያለሽ? ታስገቢያለሽ። ላይዘንብም ይችላል።»

እህል የሚያውቅ ሰው ሲናገር ደስ ይለኛል። ስሜን ጻፊው አልኳት።

ቀጠሮው ሲመጣ ወረቀቱ ታኅሣሥ 19 ይላል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ሁለተኛዋን ልጄን በቀበርኩ ሰሞን፣ ሦስተኛ ፅንስ ከሰጠኸኝ በክብረ በዓልህ ከነባሌ እቆርባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ደም የፈሰሰው ሰው ወደ ቁርባን አይቀርብም፤ ከተቆረበም በኋላ ያን ቀን ደም ማፍሰስ ቀርቶ ምራቅ እንኳ አይተፋም፣ ባዶ እግር አይኬድም። እሾህ እንዳይወጋን፣ እንቅፋት እንዳይመታን እየተጠነቀቅን ነው የምንውለው። እኔ ደግሞ ክንዴን ለመርፌ ልዘረጋ ነው።

የአጥኚዎቹን ቀጠሮ የሚይዘውን ሰውዬ ሌላ ቀን አድርጉልኝ አልኩት።

«መኪናው በወር አንዴ ነው። በቀጠሮዋ ያልመጣች ትሰረዛለች» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ሲስተር ትሕትናን ባማክራት መላ አታጣም ነበር። የነፍስ አባቴን ብጠይቅም መላ አያጡም ነበር። እኔ ግን ሰው መጠየቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ይሄ ነገሬ ስንት መዘዝ አምጥቶብኛል፣ ተዉት። መላውን ራሴ አገኘሁት።

ዋርሳዬ ቸኮለ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ሚስቱ ያይኔአበባ ትባላለች። የሽንዲ ልጅ ናት። በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከእኔ በአምስት ሳምንት ትቀድማለች። ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ተሸክማ ዘፈን የማታቋርጥ ልጅ ናት። እሷን ጥናቱም አልፈለጋት፤ ምን ጎድሎባት! ከአንድ ምንጭ እንጠጣለን፣ ከአንድ ሌማት እንበላለን። የሷ ደም ከእኔ ደም በምን ይለያል አልኩ። ደሙ ቀጠነ ወፈረ ብለው የሚያዩ ነበር የመሰለኝ። በእኔ ቤት ብልሃት መፍጠሬ ነው።

«ካርዴን ይዘሽ ሂጂና አቻምየለሽ ነኝ በይ» አልኳት።

«ከስምሽ ጋር ጠባይሽንም ልያዝ እታለም?» ብላ ሳቀችብኝ።

የገብርኤል ዕለት ቅዳሜ ዋለ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከደረሰ ጋር ቆረብኩ፤ እሷ ጅጋ ወርዳ በስሜ ደም ሰጠች። ሲስተር ትሕትና ሌላ ሴት እያዋለደች ስለነበር አላየቻትም። ደም ቀጂው ልጅ ዕድሜሽ ስንት ነው ሲላት ሃያ ስምንት አለችው። ቀና ብሎ አያት፣ ግን ጻፈ። ማታ ራት ላይ ይህን እያወራች ቸኮለን በሳቅ ገደለችው። እኔም ሳቅሁ። ሁለቱንም ነገር ስላሳካሁ በራሴ ኮርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ ሲስተር ትሕትና በደረሰ ስልክ ደውላ ነገ ጠዋት ነይ አለችኝ። ሄድኩ። በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሷ ስትቀመጥ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«ደምሽ ምልክቱን አሳይቷል» አለች። «የጥናቱ ዶክተር በስልክ አነጋግሮኛል። ልጁ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ፤ ከአሁን ጀምሮ እንዘጋጃለን። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

እሷ ደምሽ ስትል እኔ ክንዴን አየሁ። መርፌ ያልነካውን ክንዴን።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የእኔ አይደለም፣ ልጄ ደህና ነው፣ የሚል ደስታ። ከዚያ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝና ደስታው አፌ ውስጥ መረረ። እሺ ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከጅጋ መውጫ ድረስ ሄድኩ። ብናገር ይሰርዙኛል። ከተሰረዝኩ ማቆያው የለም፣ ክትትሉ የለም፤ በሆዴ ያለው እንደ መጀመሪያው ወንድሙ በቤቴ ወለል ላይ ይመጣል። ባልናገር ደግሞ ያይኔ ምንም ሳታውቅ ጤፍ ትሸከማለች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አህያ እየነዱ ሲያልፉ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። «አላመመኝም፤ ዋሽቼ ነው» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ይማርሽ ብለው ሄዱ። ተነስቼ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ።

ሲስተር ትሕትና ነገሩን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለምኜ ነው ያስገባሁሽ» አለች ቀስ ብላ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ። እኔን በኋላ ትቀጪኛለሽ። አሁን ስለ ያይኔ ንገሪኝ።»

ለዶክተሩ ስልክ ደወለች። ውጤቱ የተሰላው በእኔ የእርግዝና ሳምንት ነው፤ ያይኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ትቀድማለች፤ እንደገና መሰላት ነበረበት። እንደ አዲስ እንዳይቀዳም ለሷ ጊዜው አልፏል፣ ምልክቱ የሚታየው ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። ሁለት ቀን ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን ሲስተር ትሕትና ስትደውል ድምጿን ሰምቼ አወቅሁ።

«በራሷ ሳምንት ሲሰላ ባሰ እንጂ አልተሻለም» አለች።

ስለ እኔ የጥናቱ ኃላፊ ትሰረዝ ብሎ ነበር። ሲስተር ትሕትና ግን፣ ከተሰረዘች እኔም ከእናንተ ጋር አልሠራም ብላ ድርቅ አለችበት። የእኔ ሳምንት ገና ስላላለፈ በቀጣዩ ጉዟቸው ደሜን፣ የራሴን ደም፣ ቀዱኝ። ያን ቀን ሲስተር ትሕትና እጄን ይዛ ካርዴን ሦስት ጊዜ አነበበች። ይገባኛል።

አስቸጋሪው ያይኔ ነበረች።

የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቸኮለ ሽንዲ እናቷ ዘንድ ሊያደርሳት ቀን ተቆርጦ፣ ስንቁ ተሰናድቶ ነበር። ሽንዲ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አልፎ ነው፤ ከእናቷ ቤት እስከ መኪና መንገድ ድረስ በእግር ይኬዳል። ምጥ ቢይዛት እዚያ ማን ይደርስላታል?

ጤፍ ስታበጥር አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ደሙ የተቀዳው ላንቺ ነው» አለች። «ስሙም ያንቺ ነው። ካርዱም ያንቺ ነው።»

«ክንዱ ግን ያንቺ ነው።»

«እኔ ምኔን አመመኝ? እታለም፣ የራስሽን አምጥተሽ በእኔ ላይ አትጣይ።»

አማታችን እማማ አልጣሽ ከጓዳ ሰምተው ወጡ። አልጮኹም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«አቻም፣ ሁለት የቀበረች ሴት ስለ ሰው ሆድ እንዲህ አታወራም» አሉኝ። «ሟርት ነው። ሁለተኛ እንዳልሰማሽ።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። ወጥቼ ከግቢው ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ደረሰ መጥቶ «በቃ ተያት፣ የራስሽን ሆድ አስቢ» አለኝ። ደግ ሰው ነው ደረሰ፤ ግን በዚያ ሰዓት በዱላ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ሟርተኛ ቢሉኝ ይበሉኝ። ልጅቷን ሽንዲ ከላክኋት ሞቼ እገኛለሁ።

በማግሥቱ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የነፍስ አባታችን ቄስ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። ከቅዳሴ ወጥተው ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ተናዘዝኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ቁርባኑን ለማክበር ዋሸሽ» አሉ በመጨረሻ። «ቁርባኑ ያንቺን ውሸት ምን ያደርግለታል? ብትነግሪኝ በሌላ ቀን አቆርብሽ አልነበረም?»

«ስእለት ነበረብኝ አባ።»

«ገብርኤል ቀን መቁጠር የማይችል መሰለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። ስንት ስግደት ያዙብኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዴን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ሆድሽ ስግደት የለብሽም። ንስሐሽ ይህ ነው፦ ያቺን ልጅ ሐኪም ፊት አድርሺያት። ካላደረስሻት ተመልሰሽ ይፍቱኝ እንዳትዪኝ።»

«እማማ አልጣሽ ሟርተኛ ብለውኛል። እኔን አይሰሙኝም።»

በትራቸውን አነሱ። «እኔንስ?»

ማንም በነፍስ አባቱ ፊት በር አይዘጋም። እማማ አልጣሽ ተነስተው መስቀል ተሳለሙ፣ ወንበር አቀረቡ፣ ፊታቸው ግን እንደጠቆረ ነው። ቄስ ክንፈሚካኤል ስለ ደምም ስለ ምልክትም አላወሩም። ቸኮለን ጠሩና «የሽንዲ መኪና በየት ነው የሚያልፈው?» አሉት።

«በፍኖተ ሰላም አባ።»

«እንግዲያስ ስታልፉ ሆስፒታል ያይዋት። ሂዱ ካሏችሁ ትሄዳላችሁ። አቻምየለሽም አብራችሁ ትሂድ፣ ንስሐ አለባት።»

ቸኮለ እናቱን አየ። እናቱ መሬት አዩ። «ለማየት ከሆነ ምን ገዶኝ» አሉ።

ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት ከጅጋ መኪና ያዝን። ያይኔ መስኮት አጠገብ፣ ቸኮለ መሃል፣ እኔ ዳር። እስከዚያ ቀን ሳቋን የማትሰስት ልጅ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። በእቅፌ የሲስተር ትሕትና ደብዳቤ አለ፤ በላብ እንዳይርስ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ረዳቱ ወራጅ አለ። ቸኮለ ተነሳ። ያይኔ አልተነሳችም።

«ጤነኛ ነኝ። ቀጥታ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ቸኮለ ቆሞ ግራ ገባው፤ እሱ ለበሬ እንጂ ለሚስቱ ሂጂ ማለት አይችልም። ረዳቱ ቶሎ በሉ ይላል። እኔ ወረድኩና ከበሩ ላይ ቆምኩ። አንድ እግሬ መሬት፣ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ።

«እሷ ካልወረደች በሩ አይዘጋም» አልኩ።

«ሴትዮ፣ የሰው ሥራ አታስፈቺ» አለ ሾፌሩ።

«ግፋኝና ሂዳ። ነፍሰ ጡር ገፍተህ ሂድ።»

መኪናው ሙሉ ሰው ያየናል። ኋላ ያሉ አንዲት ባልቴት «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አሉ። እኔ ለያይኔ ብቻ ነው የተናገርኩት።

«ያይኔ፣ ስሚኝ። ልጅሽ ደህና ከሆነ ጅጋ ገበያ መሃል አቁመሽ ሟርተኛ በይኝ፣ አፌን አልከፍትም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ያየሁትን አንቺ አላየሽውም። ሲወለዱ ጥፍር አላቸው። ቅንድብ አላቸው። ሁሉ ነገራቸው ሙሉ ነው። መተንፈስ ብቻ ነው የሚያቅታቸው፤ አንቺ ታቅፈሽ ታያለሽ፣ ምንም አታደርጊም። እኔ ይህን ለጠላቴም አልመኝም፣ እንኳን ላንቺ። ውረጂ።»

ያይኔ ፊቷን መለሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ወገቤን ሦስት ቀን ሆኖኛል» አለች። «ይመጣል ይሄዳል። ሟርቱ ደረሰ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው።»

ቸኮለ አንጠልጥሎ አወረዳት።

ሐኪሙ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ያይኔን መርምሮ፣ ከዚህ ወዴትም አትሄድም አለ። የማህፀኗ በር ማጠር ጀምሯል። ማቆያው ውስጥ ለእኔ ተይዞ የነበረው አልጋ ላይ እሷ ተኛች፤ እኔ አስታማሚ ሆኜ ከሥሯ ምንጣፍ ዘረጋሁ። እዚያው እያለን ሲስተር ትሕትና ደውላ የእኔን ውጤት ነገረችኝ። ምልክት የለበትም። ሰው ሁሉ የፈራልኝ እኔ ደህና፤ ማንም ያልፈራላት እሷ አደጋ ላይ። ያን ቀን መደሰትም ማዘንም አቅቶኝ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።

ጾሙ በገባ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምጡ ጀመራት። ነርሷ ወዲያው መርፌውን ወጋቻት፤ ከዚያ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ እየቆጠሩ ደገሙላት። ምጡን የሚያዘገይ መድኃኒትም ሰጧት። ሐኪሙ ሁለት ቀን ካገኘን ለሳንባው ይበቃል አለ። ሁለት ቀን! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ለምኜ አላውቅም። ያይኔ እጄን ጨምቃ ይዛ «እታለም፣ እንዳትሄጂ» ትላለች። «ወዴት እሄዳለሁ፣ አልጋዬን ይዘሽብኝ» እላታለሁ። በምጥ መሃል ሳቀች።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወለደች። ሴት ናት። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ያ ጸጥታ ይመጣል ብዬ ጆሮዬን ልይዝ እጄን አንስቻለሁ። ጸጥታው መጣ። ነርሷ ጀርባዋን አሻሸቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ከዚያ አለቀሰች። ቀጭን ነው፣ ግን ልቅሶ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አስታማሚዋን አንሷት» ሲሉ ይሰማኛል።

እማማ አልጣሽ ዓርብ ደረሱ። ሕፃኗ በእናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ በነጠላ ታስራ ነበር፤ ሙቀት የምታገኘው እንደዚያ ነው። ያይኔ ሲደክማት ሰው መተካት አለበት። እማማ አልጣሽ ምንም ሳይሉ ቀሚሳቸውን ከአንገቱ ፈቱና «ወዲህ በሉ» አሉ። እንዲያ አቅፈዋት ከቀትር እስከ ምሽት ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ወደ ማታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቻም፣ ያን ቃል መልሼ በላሁት» አሉኝ።

«አልሰማሁም እማማ» አልኳቸው። ሰምቻለሁ።

«የቸኮለ ልጅ አይደለች፣ ቸኮለች» እያለች አንዷ ነርስ በየጠዋቱ ታሾፍ ነበር። በወሯ ከሆስፒታል ወጣን።

ግንቦት ላይ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሲል ያይኔ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ አለችኝ። እኔ ዘጠኝ ወሬን ይዤ፣ እግሬ አብጦ፣ ከዚህ በፊት ደርሼበት በማላውቀው ቀን ላይ ነበርኩ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ሆዴን እዳብሳለሁ፤ ወረቀት ደህና ነሽ ቢለኝም እጄ አያምንም። በዚሁ መሃል ሲስተር ትሕትና ደወለች። አጥኚዎቹ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ እሁድ ጅጋ ያድራሉ። የሕፃኗን ተረከዝ ወግተው ጥቂት ደም ይፈልጋሉ፤ የእኔንም የመጨረሻውን።

«እሁድ ከሰዓት አምጧት» አለችኝ።

«እሁድ ክርስትና ትነሳለች፣ ትቆርባለች» አልኳት። «ያን ቀን ደሟ አይነካም።»

«ደግሞ ጀመርሽ?» አለች። ያለፈውን እያሰበች እንደሆነ አወቅሁ።

«ሰኞ ጠዋት ከመሄዳቸው በፊት በር ላይ እንጠብቃቸዋለን» አልኩ። «እሷው ራሷ። እኔም ራሴ።»

እሁድ ቄስ ክንፈሚካኤል አጠመቋት፤ ወለተ ገብርኤል አሏት። ከሆዴ በላይ አስቀምጬ ታቅፌ አቆረብኳት። ሰኞ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርን። ደም ቀጂው ያው የገብርኤል ዕለቱ ልጅ ነው። ካርዱን ይዞ «አቻምየለሽ?» ሲል ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያይኔ ላይ አረፈ። ያይኔ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ሕፃኗን» አልኩት።

ትንሿን ተረከዝ ወጋት። ለአፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀችው። ያይኔ ደንግጣ እሹሩሩ ልትል እጇን ዘረጋች።

«ተያት» አልኩ። «ትጩህ። ትንሽ ትጩህልኝ።»

ያይኔ አየችኝ፤ እጇን መለሰች። ሦስታችንም ቆመን ሰማናት። ደስ ብሎኝ እያለቀስኩ ነበር፣ አላፍርበትም። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ለልጁ ዘረጋሁለት።

«ቅዳ» አልኩት። «ይሄኛው የራሴ ነው።»